የፊት ፍሬን ጠበቃ

በዚያ ግቢ ውስጥ እንደሱ ቶሎ ቱግ የሚል ሰው አልነበረም፤ ስሙ ግን ጋሽ ቀስበል ነው። ስሙን ያወጡለት ራሱ ያሠለጠናቸው ሞተረኞች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሞተር ዕቃ ሲያደርስ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው የድርጅቱ አሠልጣኝ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከጧት እስከ ማታ ከአፉ የማይጠፋው ቃል አንድ ነው። «ቀስ በል! ፍሬን አይነጠቅም፣ ይጨመቃል! ቀስ በል አልኩህ እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!» ይህን የሚለው ሰፈሩ እስኪሰማ እየጮኸ ስለሆነ፣ ተማሪው ይደነግጥና ጭራሽ ፍሬኑን አንቆ ይይዘዋል። ያኔ ደግሞ ጋሽ ቀስበል እንደገና ይቆጣል።

የሚያስተምረው ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ጧት ጧት በጣሳ ኖራ ይዞ፣ ወገቡን ደግፎ እያጉረመረመ፣ ሁለት መስመር ያሰምራል። አንዱ ፍሬን የሚጀመርበት፣ ሌላው ሞተሩ ቆሞ መገኘት ያለበት ነው። ከዚያ ወዲያ አሮጌ ጎማዎች በግማሽ ክብ ደርድሮ ኩርባ ይሠራል። ትምህርቱ ብዙ አይደለም። የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የኋላው በቀኝ እግር ነው። ሁለቱም አብረው ይሠራሉ፣ ዋናውን ሸክም የሚችለው ግን የፊቱ ነው፤ ምክንያቱም ሞተር ሊቆም ሲል ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣና የኋላው ጎማ ይቀላል። ኩርባ ደግሞ የሚታጠፈው ኩርባው ጋ ሳይደረስ ነው። ፍጥነትህን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ትጨርሳለህ፣ ዓይንህን መውጫው ላይ ትጥላለህ፣ አንዴ ከገባህ በኋላ ፍሬን የሚባል ነገር ትረሳለህ። ይኸው ነው።

ይህን ለማስተማር ቀድሞ አሥር ቀን ይሰጠው ነበር። ቢሮው አሥሩን አምስት አደረገው። ከዚያ «ሞተረኛ ያጥረናል» ተባለና አምስቱ ሁለት ሆነ። «ሁለት ቀን!» ይላል ማታ ለሚስቱ፣ ጫማውን እያወለቀ። «ልብስ ሰፊ ቁልፍ መትከል እንኳ በሁለት ቀን አያስተምርም! ሁለት ቀን!» ሚስቱ ይህን ስሞታ ከሰማች ዓመት አልፏታል። «አንተ ሰውዬ፣ ደም ብዛትህ» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ ደም ብዛቱን ያመጡበት እነማን እንደሆኑ በስም በስም ይቆጥርላታል።

ከአሥር ቀን ተማሪዎቹ የመጨረሻዋ የመንትዮቹ እናት የሚሏት ነበረች። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት የሰው ልብስ በማጠብ የኖረች ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ቀስበል እንደ ልማዱ፣ «የፍሬኑን እጀታ እርጥብ ጨርቅ እንደሚጨመቅ አድርገሽ ነው። መጀመሪያ ለስለስ፣ ከዚያ ጠበቅ፣ ከዚያ ጠበቅ» አላት።

«ጋሼ፣ ጨርቅ መጭመቅንማ ለኔ ይተዉልኝ» አለችው።

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳለ፣ ሞተሯን አስነሥታ መጣች፤ በሁለት ጣቷ ጨመቅ፣ ጠበቅ፣ ጠበቅ አድርጋ የፊት ጎማዋን ልክ ኖራው ላይ አቆመችው። ጋሽ ቀስበል ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ሙገሳ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘጠኝ ቀናት ግን አላስቀመጣትም፤ በሄደችበት ሁሉ ሳታስበው «ቁሚ!» እያለ ይጮህባት ነበር። ሻይ ልትጠጣ እየነዳች ስትሄድ «ቁሚ!» ኩርባውን ጨርሳ ስትወጣ «ቁሚ!» «ጭንቅላት ቀርፋፋ ነው» ይላል። «መማር ያለበት እጅ ነው። እጅሽ ሳያስብ መሄድ አለበት።» በአሥረኛው ቀን እጇ ሳያስብ ይሄድ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያስተምር እንጂ፣ ከሠላሳ አራቱ ሞተረኞች መካከል ከልቡ የሚያምነው ሰው ከአምስት አይበልጥም። የቀሩት ከአጎታቸው፣ ከጎረቤታቸው፣ ከመንገድ ሲሰሙ ያደጉት ሌላ ነው፦ የፊት ፍሬን ይገለብጣል፣ ወንድ ልጅ በእግሩ ነው የሚያቆም። አንዳንዶቹ ጭራሽ ፍሬኑን የሚስበውን ሽቦ፣ ካቦውን፣ አላልተው እጀታውን ለጌጥ ያስቀምጡታል። «የፊት ፍሬን ጠበቃ መጣ» ይሉታል በሩቁ ሲያዩት። ደግ ደጉን የሚያስቡት ደግሞ፣ «ተዉት፣ ወንድሙን ሞተር ስለገደለበት ነው» ይላሉ። ታናሽ ወንድሙ በሞተር አደጋ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስለሱ የጠየቀው ሰው ካለ ጋሽ ቀስበል ተነሥቶ ሄዶ የተደረደሩትን ጎማዎች እንደገና ይደረድራል።

ነገሩ የከረረው ጀት የሚሉት ሞተረኛ የወደቀ ለት ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ነፋስ የሚቀድም ይመስለዋል። የሠለጠነው ሁለት ቀን ነው፤ ሁለተኛውንም ግማሹን በስልክ ሲያወራ ነው ያሳለፈው። ያን ቀን ከውኃ ታንከሩ በታች ያለውን ኩርባ በሙሉ ፍጥነት ገባበት፤ መሀል ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ እንደበዛበት ገባውና፣ ሞተሩ እንደተጋደመ የፊት ፍሬኑን በአራት ጣቱ አፈፍ አደረገው። ጎማው ደግሞ እንደ መላጣ የለሰለሰ ነበር፤ እንዲቀየር ጋሽ ቀስበል ሦስት ጊዜ ጽፏል። ሞተሩ ከሥሩ ወጣና ጀት መንገዱን አቋርጦ አጥር ላይ አረፈ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ።

በአራተኛው ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ። አደጋው የደረሰው «በፊት ፍሬን ምክንያት» ስለሆነ፣ ለሠራተኞች ደኅንነት ሲባል፣ ከሰኞ ጀምሮ የሁሉም ሞተሮች የፊት ፍሬን እጀታና ካቦ ተፈቶ ይወልቃል ይላል።

ጋሽ ቀስበል ደብዳቤውን አንድ ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አነበበው። ከዚያ የአንገቱ ደም ሥር ተገታተረ።

«በፊት ፍሬን ምክንያት!» አለ፣ ሰሌዳውን እንደ ሰው እያናገረ። «በመላጣ ጎማ ምክንያት አይልም! በሁለት ቀን ሥልጠና ምክንያት አይልም! ቢሮው በሠላሳ ደቂቃ አድርስ ስላለ አይልም! ራሱን ያመመው ሰው አንገቱን ይቆርጣል እንዴ?»

ከሁሉ ያቃጠለው ደግሞ ሞተረኞቹ ደስ ማለታቸው ነው። ሰኞ ጧት መካኒኩ በየሞተሩ ሥር እየተንበረከከ እጀታዎቹን ከነካቦአቸው እየፈታ የለስላሳ ሣጥን ውስጥ ሲጥላቸው፣ አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። «እፎይ! ከዚህ ጉድ ተገላገልን!» ያለም አለ። መካኒኩ የጋሽ ቀስበል ሚስት ወንድም ነው።

«አንተ!» አለው ጋሽ ቀስበል። «ሥራውን የማታውቅ ብትሆን ይቅር እልህ ነበር። አንተ እያወቅክ!»

«ታዝዤ ነው፣ ጋሼ» አለ መካኒኩ፣ ቀና ብሎ ሳያየው። «ልጆች አሉኝ። ምን ላድርግ?»

«እነዚህስ ልጆች የላቸውም?»

መካኒኩ ብሎኑን ፈታ። እጀታው ሣጥኑ ውስጥ ኳ ብሎ ወደቀ።

ጋሽ ቀስበል በአንድ ትንፋሽ ደረጃውን ወጥቶ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ትሕትና የማያንሰው ወጣት ነው፤ ሞተር ላይ ግን ከኋላ ተፈናጦም አያውቅ። ስለ ሞተር ሲያወራ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ጋሽ ቀስበል ያን ሰው ለምኖም፣ ተቆጥቶም፣ በመጨረሻ ወደ ሜዳው አወረደው። ያመጣው የራሱን አሮጌ ሞተር ነው፤ ሁለቱም ፍሬን ያለው ሞተር ግቢው ውስጥ እሱ ብቻ ቀርቷል።

«በአርባ ነው የምመጣው» አለው። «ከኖራው ጀምሮ እስክቆም በእርምጃዎ ይቁጠሩ።»

መጀመሪያ በኋላ ፍሬን ብቻ ቆመ። ጎማው ጮኸ፣ ሞተሩ ጭራውን እየቆላ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ቆጠረ፤ ሃያ አምስት እርምጃ። ሁለተኛ በሁለቱም ፍሬን መጣ። ጨመቅ፣ ጠበቅ፣ ጠበቅ። አሥራ ሦስት እርምጃ።

«አሥራ ሁለት እርምጃ» አለ ጋሽ ቀስበል፣ ከሞተሩ እየወረደ። «አሥራ ሁለት እርምጃ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ሰው ማለት ነው። የሰው ነፍስ ነው።»

«ድንቅ ነው፣ ጋሼ። ግን እርስዎ ባለሙያ ነዎት። እነሱ አይደሉም።»

«ባለሙያ ላደርጋቸው አይደል የተቀጠርኩት?»

«በሁለት ቀን ሥልጠና እንዴት አድርገው…»

«ማን ነው ሁለት ያደረገው? አንተ አይደለህም?» እርስዎው በመሀል ጠፋ።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «ለማንኛውም ደብዳቤው ወጥቷል፣ ጋሼ» ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ደብዳቤው ወጥቷል! ደብዳቤ ጥርስ ነው እንዴ፣ አንዴ ከወጣ የማይመለሰው? ጋሽ ቀስበል ይህን ጥያቄ ለሚስቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለዘበኛው፣ አንድ ቀን ደግሞ በታክሲ ውስጥ ለማያውቃት ሴት ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። እሱ ግን በየጧቱ ሜዳው ላይ መጮኹን አላቆመም፤ «ፍሬን የሌለው ሞተር ሞተር አይደለም፣ ሬሳ ሣጥን ነው!» ይላል፤ ሞተረኞቹ ሄልሜታቸውን እያጠለቁ ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ካፊያ በጣለበት አንድ ቀን፣ የመንትዮቹ እናት ወደቀች።

ከእንጨት መሰንጠቂያው በታች ያለውን ቁልቁለት እየወረደች ነበር፤ በፍጥነትም አልነበረም። ጣውላ የጫነ መኪና ከመሰንጠቂያው ግቢ ወደ ኋላ እየሄደ ድንገት መንገዱን ዘጋባት። የኋላ ጎማዋ ተቆለፈ፣ ሞተሩ በጎኑ ተኛ፣ እሷም አብራ ተንሸራታ ከመኪናው ጎማ ጋር ተላተመች። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። ቢሮው ስልክ ተደውሎ አደጋው ሲነገረው በመጀመሪያ የጠየቀው «ጥቅሉ ተርፏል ወይ?» ብሎ ነው። ጋሽ ቀስበል ይህን የሰማው ስልኩን ካነሣችው ጸሐፊ አፍ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ይቅር አላለም። ጥቅሉ ተርፎ ነበር። ውስጡ ያለው መጋረጃ ነው።

በማግስቱ ብርቱካን ገዝቶ ቤቷ ሄደ። አንድ ክፍል ናት፤ ውጭ ስለሚያካፋ የልጆቹ የትምህርት ቤት ልብስ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ጎንበስ ብሎ በልብሱ ሥር አለፈ። መንትዮቹ አልጋው ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠው የእናታቸውን ጄሶ በቀለም እርሳስ ያስጌጣሉ።

«እንዴት ሆነሽ ነው የወደቅሽው?» አለ፣ ሳይቀመጥ፤ ድምፁ ሳያስበው ቁጣ ቁጣ አለው።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ጋሼ» አለች። እሱ እስኪቀመጥ ጠበቀች። «እጄ ሄደ። መኪናውን ሳየው እኔ ምንም አላሰብኩም። እጄ ራሱ ነው የሄደው፣ እንዳስተማሩኝ፣ በሁለት ጣት። ጨመቅኩ፤ አየር ነው የጨመቅኩት። ጭንቅላቴ እኮ እጀታው እንደሌለ ያውቃል። እጄ ነው ያልሰማው። ሁለተኛ ጨመቅኩ። እግሬ ትዝ ሲለኝ መኪናው ጋ ደርሻለሁ።»

ጋሽ ቀስበል ጄሶውን አየ። ዘጠኝ ቀን «ቁሚ!» እያለ የጮኸባት እሱ ነው። እጇን ያስተማረው እሱ ነው። እነዚያ ደግሞ እጇ የሚሄድበትን ወሰዱት። ባላስተምራት ኖሮ እግሯን ቀድማ ታስታውስ ነበር የሚል ሐሳብ መጣበት።

«ነግሬያቸው ነበር!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። «ስንት ጊዜ ጮህኩ! ስንት ጊዜ! እነዚህ እርጉሞች…»

«ጮኹ እንጂ መቼ ነገሩን?» አለችው፣ በዝግታ።

«ምን?»

«አይቆጡኝና፣ ጋሼ፣ እኔም እኮ ሲያወልቁት አብሬ ሳቅኩ። ታዲያ እርስዎ በሁሉ ነገር ይቆጣሉ። ሲዘንብ ይቆጣሉ፣ ሻይ ሲቀዘቅዝ ይቆጣሉ፣ ጎማ ሲጠማዘዝ ይቆጣሉ። ይሄኛው ቁጣ ከሌላው የተለየ መሆኑን በምን እንወቀው?»

ተመልሶ ተቀመጠ። ብርቱካኑን ልጦ ለመንትዮቹ ሰጠ፣ ጄሶው ላይ የተሣለውን ቢጫ ድመት አደነቀና ወጣ። ማታ ለሚስቱም አልተናገረም። እሷ አመመው ብላ የፈራችው ይሄኔ ነው።

ሰኞ ጧት ሞተረኞቹ ስም ለመጠራት ሜዳው ላይ እንደተሰለፉ ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ይዞ ወረደ። የአደጋው ሪፖርት ነው። ምክንያት፦ የአሽከርካሪዋ ጥፋት። ውሳኔ፦ ከሥራ ስንብት። ከሥር የአሠልጣኙ ፊርማ ይጠበቃል። «ለሥርዓቱ ያህል ነው፣ ጋሼ» ብሎ እስክሪብቶውን አቀበለው።

ሞተረኞቹ ተጠቃቀሱ። አሁን ይፈነዳል ብለው ጠበቁ፤ አንዱማ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ለማሳቅ ሞከረ። ጋሽ ቀስበል ግን ወረቀቱን የሞተሩ ኮርቻ ላይ አስደግፎ «የአሽከርካሪዋ ጥፋት» የሚለውን ሰረዘና በላዩ «ፍሬን አልነበራትም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰልፉ አዞረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለነበር፣ ከኋላ ያሉት ለመስማት ቀረብ አሉ።

«ወንድም እንደነበረኝ ታውቃላችሁ» አለ። «ታናሼ ነው። ሞተር የገዛ ለት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያኔ እኔም እንደናንተ ነበርኩ፤ የፊት ፍሬን ይገለብጣል ብለውኛል፣ አምኛለሁ። ለሱ ደግሞ በጣም እሳሳ ነበር። ስለዚህ በገዛ እጄ አወለቅኩለት።»

ሥራ አስኪያጁ፣ «ጋሼ፣ ይሄ አሁን ከጉዳዩ ጋር…» ብሎ ጀመረ። ዞር ብሎ ያየው የለም።

«በቁጥር አሥር ቁልፍ ነው የፈታሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በወሩ ቁልቁለት ላይ አንድ በሬ ገባበት። ስደርስ ወንድሜን ወስደውታል፤ የኋላ ጎማው አስፋልቱ ላይ ያሰመረው መስመር ነው የጠበቀኝ። በእርምጃዬ ለካሁት። ሠላሳ አንድ ነው። ሁለቱም ፍሬን ቢኖሩት በአሥራ ስድስት እንደሚቆም ያወቅኩት ከዓመት በኋላ፣ ባዶ መንገድ ላይ እየቆምኩ እየቆጠርኩ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴም። እናቴም ሳታውቅ ነው የሞተችው።» መካኒኩን አየው። «ስጨርስለት ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ ‹ተባረክ ወንድሜ፣ አሁን ነፍሴ አረፈች› ብሎኝ ነው የሄደው።»

ከሰልፉ ጫፍ፣ ክንዱ በፋሻ አንገቱ ላይ የታሰረው ጀት ወጣ። ወደ ጋራዡ ገባና የለስላሳ ሣጥኑን በደኅና እጁ መሬት ለመሬት እየጎተተ አመጣው፤ እጀታዎቹ እየተንኳኩ መጡ። ሁለት መርጦ አወጣ።

«አንዱ የኔ ነው» አለ ለመካኒኩ። «አንዱ የሷ። ስትድን ከሞተሯ ላይ ታግኘው።»

ሥራ አስኪያጁ ስለ ደብዳቤው አንድ ነገር ተናገረ። መካኒኩ አልሰማውም፤ ወይ ሰምቶ ትቶታል። እጅጌውን ሰበሰበና ከመንትዮቹ እናት ሞተር አጠገብ ተንበረከከ። ካቦውን አስገባ፣ እጀታውን ቦታው ላይ ገጠመ፣ ከዚያ ቀና ሳይል እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

«ቁጥር አሥር» አለ።

ጋሽ ቀስበል ከመሣሪያው ሣጥን ፈልጎ አቀበለው።